ስሙ ተይዟል

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ ወይም የሆነ ቦታ አንብቤው አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን ታሪክ የመፍጠር ችሎታ የለኝም። ቢኖረኝ ኖሮ መጨረሻውን ሌላ አደርገው ነበር።

ጨለማ የለበትም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻም አላላዘነም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰው በሞላበት ቢሮ ውስጥ ነው።

ስም አልጠቅስም። እናቴ በሕይወት አለች፤ ጎረቤቶቻችንም ያነባሉ።

ጊዜው ኢንተርኔት በቤት ስልክ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ላልደረሳችሁበት ላስረዳ። ኮምፒውተሩ ሞደም ከሚባል ትንሽ ዕቃ ጋር ይያያዛል። ሞደሙ እንደ ሰው በስልክ መስመሩ ይደውላል። ሲጥ... ቋቋቋ... ሽሽሽሽ... ይልና ያገናኛል።

መስመሩ ታዲያ አንድ ነው። ወይ ታወራላችሁ፣ ወይ ኢንተርኔት ትጠቀማላችሁ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሆንም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እኔ የምሠራው አገልግሎቱን በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ፣ የደንበኞች እርዳታ ክፍል ነበር። ሰው መገናኘት ሲያቅተው ወደ እኛ ይደውላል፤ እኛም በስልክ እያስረዳን እናስተካክልለታለን። "የተጠቃሚ ስም ያስገቡ። የይለፍ ቃል ያስገቡ። እዚያ ጋ ያለችውን ምልክት ያጥፉ። አሁን ስልኩን ይዝጉና ይሞክሩ፤ እንቢ ካለ መልሰው ይደውሉ።" ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

አለቃችንን "ደቂቃ" ነበር የምንለው። ከኋላችን እየተንጎራደደ "ይሄ ስልክ ስንት ደቂቃ ፈጀ?" ማለት ነው ሥራው።

ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ "ጆሮ" ይባላል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም። አንዳንድ ቢሮዎች ሁለት መስመር አላቸው፤ በአንዱ እያናገሩን በሌላው ሞደማቸውን ያስደውላሉ። ያኔ መነጋገሪያውን ወደ ሞደሙ አስጠጉልኝ ይልና፣ ጩኸቱን ሰምቶ የቱ ጋ እንደተበላሸ ይነግራቸዋል። አንድም ቀን ተሳስቶ አላየሁም።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰው አልነበርኩም።

አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። እሱን ቀብረን ሳንጽናና እናቴ ደረጃ ላይ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። በማደንዘዣ አስተኝተው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ከዚያ ወደ ቤት መጣች፤ ከአልጋ ግን አትወርድም። ወንድም የለኝም፣ እህት የለኝም። እኔና እሷ ብቻ ነን። ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን ገባ ብላ ታያታለች፤ ከሰዓት ብቻዋን ነች። ስልኩን አልጋዋ አጠገብ አድርጌላት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ እደውልላታለሁ።

ያኔ ምን ይሰማሽ ነበር ብትሉኝ... ምንም። ጥርስ ሊነቅል ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ነበርኩ። ይነካል፣ አይሰማም። ሰው ሲያጽናናኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለው አይገባኝም።

አንድ ነገር ብቻ እፈራ ነበር። እማዬንም እንዳልቀብር።

ሌላው እንደፈለገ ይሁን።

ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ ጸባይዋ ተለውጧል። ድሮ ሻይ ሳቀርብላት "ይሄ ሻይ ነው የእግር መታጠቢያ?" የምትል ሴትዮ ነበረች። አሁን የሰጠኋትን ሁሉ ዝም ብላ ትጠጣለች። ስትጨርስ ብርጭቆውን ትመልስልኝና፣

"አመሰግናለሁ" ትላለች።

እናቴ እድሜ ልኳን "አመሰግናለሁ" ብላኝ አታውቅም። "ተባረኪ" ነው የምትለው። ተቆጥታም ቢሆን "ተባረኪ" ነው።

ሕመሙ ነው፣ ሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔስ መቼ እንደ ድሮዬ ነበርኩ?

እንግዲህ ስልኩ መጣ።

የሴት ድምፅ ነው። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ሃሎ... የኔ ልጅ... አልገባ አለኝ።"

"ኢንተርኔቱ ነው እማማ?"

"እ... እሱ በይው።"

"ትንሽ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ።"

"አልችልም። ሰው ተኝቷል።"

የመጀመሪያዋ አይደለችም በሹክሹክታ የምታወራ። ሕፃን ያስተኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚደውለው። የተለመደውን ጀመርኩ።

"በፊት ይሠራልዎት ነበር?"

"አዎ። ምን መሰለሽ... ትንሽ ወጣ ብዬ ነበር። ስመለስ አልገባ አለኝ።"

"እሺ፣ ቅንብሩን አብረን እናያለን። የተጠቃሚ ስም የሚል ቦታ አለ..."

"ቆይ። እሱ ለምንድን ነው?"

ሰው እንደዚህ አይጠይቅም። ሰው "የቱን ልጫን?" ነው የሚለው። ይቺ ግን ምክንያቱን ማወቅ ፈለገች።

"ማን እንደሆኑ እንዲያውቅ ነው።"

"የይለፍ ቃሉስ?"

"እርስዎ መሆንዎን እንዲያረጋግጥ።"

"እና ሌላ ሰው ስሜንም ቃሉንም ካወቀው?"

"በእርስዎ ስም ይገባላ።"

"ማሽኑ አይለየንም?"

"አይለይም።"



"ጉድ እኮ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ደቂቃ ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። "ይሞክሩና መልሰው ይደውሉልኝ" ብዬ ዘጋሁት። ወዲያው ረሳኋት። ብዙ አዛውንት ይደውላል፤ ልጆቻቸው ገዝተው ያስቀምጡላቸውና ይሄዳሉ።

በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ደወለች። ስልኩ በየወረፋው ለማንም ይደርሳል፤ የእሷ ግን ለእኔ ነው የሚደርሰው።

"የኔ ልጅ... ትናንት የጀመርሽልኝን ጨርሺልኝ።"

"ሰውየው ዛሬም ተኝተዋል?"

"ሴት ናት። አዎ፣ ተኝታለች።"

ወደ ምልክቶቹ ደረስን። የኔትወርክ ክላየንት የሚባል አለ። እሱ የቢሮ ነው፣ በአንድ ቢሮ ያሉ ኮምፒውተሮች እንዲተያዩ የሚያደርግ ነው፣ ለቤት አያስፈልግም፣ ያጥፉት አልኳት።

"ከሱ በታች ያለውስ?"

"ፋይልና ፕሪንተር ማጋራት የሚለው? እሱንማ የግድ ያጥፉት። ሞደሙን ሲገጥሙ ብዙ ሰዎች ሳያጠፉት ይረሱታል። ክፍት ከተተወ መስመሩ ላይ ያለ ማንም ሰው ወደ እርስዎ ዘው ብሎ ሊገባ ይችላል።"

"ማንም?"

"ማንም።"

"ሳላውቀው?"

"እርስዎ ምንም አይታይዎትም።"

ትንፋሿ ተሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"እሱ ነዋ። ክፍት ነበር የተውት... ያን ቀን ሲያስተኙኝ።"

"ማን ሲያስተኛዎት?"

"ተይው። አጥፍቼዋለሁ አሁን።"

ልቧ ቦታው ላይ የለም አልኩ በሆዴ። ደግሞም አዘንኩላት። ሰሞኑን ለማንም አዝኜ ስለማላውቅ ትንሽ ገረመኝ።

"አሁን ስልኩን ይዝጉና ሞደሙን ያስደውሉ" አልኳት።

"ሳልዘጋ ልሞክር። ስሚኝ።"

"እማማ፣ ሳይዘጉ አይሆንም። ሁለት መስመር አለዎት እንዴ?"

"አንድ ነው የነበረኝ።"

ከዚያ ጩኸቱ ጀመረ።

ሲጥ... ቋቋቋ... ሽሽሽሽ...

በዚያው እሷ በምታወራበት መስመር ላይ ነው።

ጆሮን በክርኔ ነካሁትና ማዳመጫዬን ሰጠሁት። ሁለት መስመር ያላት መስሎት ፈገግ ብሎ ጆሮው ላይ አደረገው። አይኑን ጨፈነ፣ እንደ ልማዱ።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ማዳመጫውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አላቀበለኝም።

"ምንድን ነው?"

"ሞደም አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አጎንብሶ ሹክ አለኝ። "መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል።"

ማዳመጫውን አነሳሁ። መስመሩ ተቋርጧል።

ጆሮ ተነስቶ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። ሲመለስ "የሆነ ቀልደኛ ሰው ነው፣ አፍ ያለው ሰው ምን የማያስመስለው አለ" አለኝ። እኔም አዎ አልኩት። ሁለታችንም አላመንንም፤ ግን ሌላ ስልክ ጠራ፣ ሥራ ነው፣ አነሳን።

የዚያን ቀን ቤት ደውዬ መስመሩ ተይዞ ነበር። ደግሜ ስሞክርም ተይዟል።

ማታ ለእማዬ ራቷን እያቀረብኩ ጠየቅኳት።

"ዛሬ ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?"

"ከማንም።"

"ስልኩ ተይዞ ነበር እኮ።"

"አላውቅም።" ሾርባውን ጠጣች። ጨው ረስቼ ነበር፤ እኔ ራሴ ስቀምሰው አልዋጥ አለኝ። እሷ ግን ግጥም አድርጋ ጨረሰችው።

"አመሰግናለሁ" አለች። ቀጥላ፣ ግድግዳውን እያየች፣ "እኔ ነኝ የሚል ሰው ቢደውልልሽ... አታናግሪው።"

"ምን ማለት ነው እሱ?"

"እንዲሁ ነው። ይደውላሉ ሰዎች።"

የሕመም መድኃኒቱ ነው አልኩ። መድኃኒት ያስቀባዥራል ይባላል። ትራሷን አስተካክዬላት ወጣሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነኝ አሁን።

በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ የኮምፒውተሩን መስታወት አላሳይ ብሎኝ መጋረጃውን እየጎተትኩ ነበር። ስልኩ ጠራ። ሳላነሳው አውቄዋለሁ።

"የኔ ልጅ... ሁሉንም እንዳልሺው አደረግሁ።"

"እሺ... እና?"

"ስሙ ተይዟል ይለኛል።"

ይህ ደግሞ የታወቀ ነገር ነው። አንድ ስም ለአንድ ሰው ነው። በአንድ ስም ሁለት ሰው ሊገባ ሲል ማሽኑ ሁለተኛውን ይመልሰዋል። አስረዳኋት።

"ቀድሞ የገባው እስካልወጣ ድረስ እርስዎ አይገቡም።"

"ባለቤቷ እኔ ብሆንም?"

"ማሽኑ ባለቤት አያውቅም እማማ። ቀድሞ የገባውን ነው የሚያውቀው።"

"እና ምን ይሻለኛል?"

"አይጨነቁ። እኔ ከዚህ ሆኜ ያኛውን እቆርጠዋለሁ። እሱ ሲወጣ ወዲያው ይግቡ።"

"ተባረኪ" አለች።

እጄ ቁልፎቹ ላይ ቀጥ አለ። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም።

"ስምዎን ይንገሩኝ።"

ፊደል በፊደል ነገረችኝ። ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ከዚያ የጻፍኩትን አነበብኩት።

አባቴ እናቴን የሚጠራበት ስም ነበር። መታወቂያ ላይ የሌለ፣ ዘመድ የማያውቀው፣ ኩሽና ውስጥ ሲያሳስቃት ብቻ የሚጠራት ስም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ያን ስም ያለው ሰው የለም።

መፈለጊያውን ተጫንኩ።

ስሙ አለ። አሁን ተገናኝቷል ይላል። ከጎኑ የተገናኘበት የስልክ ቁጥር ይወጣል።

የቤታችን ስልክ ቁጥር ነው።

ክው አልኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላልኩም። ቁጥሩን አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ መጋረጃውን ደግሞ ትንሽ ሳብ አደረግሁት።

እኛ ቤት ኮምፒውተር የለም። ሞደም የለም። ስልኩና እናቴ ብቻ ናቸው ያሉት።

የጆሮን ስልክ ተውሼ ቤት ደወልኩ። ተይዟል። ማዳመጫዬ ውስጥ ደግሞ ሴትዮዋ ትተነፍሳለች።

ጆሮ ወደ እኔ ኮምፒውተር አጎነበሰ። ቁጥሩን ያውቀዋል፤ አባዬ ሲሞት እየደወለ ያጽናናኝ ነበር። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

"ቁረጪው" አለኝ በሹክሹክታ። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

አንድ ቁልፍ ነው። በቀን ስንቴ የምጫነው።

"አሁን ቁረጪልኝ" አለች ሴትዮዋም። "ተኝታለች።"

"ማን ናት የተኛችው?"

"አልጋዬ ላይ ያለችው።"

ማዳመጫውን አወለቅኩ። ለጆሮ "ቤት ደርሼ እስክደውልልህ እንዳትነካው" አልኩት። "ማንም እንዳይነካው።" ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ደቂቃ በሩ ጋ ቆሞ የት ነው ሲለኝ ሰማሁት። እሱም ፊቴን አይቶ መሰለኝ መንገድ ለቀቀልኝ።

ከቢሮ እስከ ቤት ሩቅ አይደለም። በእግሬ ሄድኩ። ሱቆቹ ክፍት ናቸው፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዷ ሴትዮ ምንጣፍ ታራግፋለች። ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ስለነበር ለመሮጥ አፈርኩ።

በሩ ተቆልፏል። ከፍቼ ገባሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ትተነፍሳለች... ነፍስ ዘራሁ።

ስልኩን አየሁት። በቦታው በደንብ ተቀምጧል። ሽቦው ከግድግዳው ወደ ስልኩ ነው የሚሄደው፣ ሌላ የትም አይሄድም። አልጋው ሥር አየሁ። ከመጋረጃው ኋላ አየሁ። ምንም የለም።

ለጆሮ ልደውል መነጋገሪያውን አነሳሁ።

የመደወያው ድምፅ የለም።

"ደረስሽ?"

ሹክሹክታው ነው።

"...አዎ።"

"አትቀስቅሻት።"

"ማነሽ አንቺ?"

"ማን እንድሆን ትፈልጊያለሽ? እናትሽ ነኛ።"

እናቴ ሲደክማት እንደዚህ ነው የምትመልሰው። እንደዚህ፣ ልክ እንደዚህ።

ፊቴን ከአልጋው አዞርኩና እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። "አባዬ የተቀበረ ቀን አንድ ነገር ብለሽኛል። ማንም አልሰማም። ምን ነበር?"

አላመነታችም።

"'ጫማው ጠቦሻል አይደል፣ አውልቂው፤ ማን ያይሻል' ነው ያልኩሽ። አላወለቅሽም። እንደ አባትሽ ችኮ ነሽ። ማታ ተረከዝሽ ተልጦ አልነበር?"

እንባዬ መጣ። በዚያ ሁሉ ወር አልመጣም ነበር፤ ቀብሩ ላይ እንኳ አልመጣም።

"እማዬ..."

"አለሁ። እዚሁ ደጅ ላይ ነኝ። ለጓደኛሽ ደውይለትና ይቁረጣት። ወዲያው እገባለሁ።"

"ካልገባሽስ?"

መነጋገሪያውን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

"እማዬ፣ ተቆርጣ አንቺ ሳትገቢ ከቀረሽ አልጋው ላይ የማየው ምንድን ነው?"

"አላውቅም ልጄ። አልዋሽሽም።"

ያኔ ከኋላዬ አልጋው ሲጥ አለ።

ዞርኩ። እማዬ ነቅታለች። በጀርባዋ ተንጋላ ታየኛለች። እኔ ያበጠርኩት ፀጉር ነው። እኔ ጥፍሯን የቆረጥኩላት እጅ ነው። እጇን ዘረጋችልኝ፣ ያዝኩት። ይሞቃል። የደም ሥሯ ከጣቴ ሥር ይመታል።

"ማን ነው የደወለው?" አለችኝ።

ሁለቱም ይጠብቁኛል። አንዷ በጆሮዬ፣ አንዷ በእጄ።

እኔ ፈላስፋ አይደለሁም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በጆሮዬ ያለችው ድምፅ ነች። በእጄ ያለው ሥጋ ነው፣ ይተነፍሳል። ይሄ ሥጋ ከቀዘቀዘ ደግሞ አጥበው ገንዘው የሚወስዱት እሱን ነው። ሁለተኛ ከዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ መቆም አልችልም ነበር።

አልችልም ነበር። ይኸው ነው።

"ተሳስተው ነው" አልኩ።

መነጋገሪያውን ከጆሮዬ ሳነሳው አልጮኸችም። አልለመነችኝም። ቢያንስ ብትቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ዝቅ ብላ፣

"እሺ... እሺ ልጄ" ነው ያለችው።

ዘጋሁት። መልሼ ሳነሳው የመደወያው ድምፅ መጥቷል፣ እንደማንኛውም ስልክ።

ለጆሮ ደወልኩ።

"ልቁረጠው?" አለኝ ገና ሃሎ ሳልለው።

"ተወው።"

"ምን ሆነሻል? ምን አለ እዚያ?"

"ምንም የለም። እናቴ ደህና ናት። እንዳለ ይሁን።"

ዘጋሁትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን አልለቀቀችውም ነበር።

"አመሰግናለሁ" አለችኝ።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ አልደወለችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠብቄያታለሁ። በሹክሹክታ ያወራ ደንበኛ ሁሉ እሷ ትመስለኝ ነበር፤ ሕፃን ያስተኛች እናት ሆና ትገኛለች። ጆሮ ነገሩን ሁለተኛ አላነሳብኝም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ብሎ ሄደ።

እማዬ እየተሻላት መጣ። መቀመጥ ጀመረች፣ ቀጥሎም መቆም። ሐኪሙ በዚህ እድሜ እንዲህ ቶሎ አጥንት ሲጋጠም አላየሁም አለ። ጎረቤታችን እልል አለች። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፣ እኔም እንኳን አብሮ ደስ አለን እላለሁ። የሚሰማኝ ነገር የለም፤ ድዱ እንደደነዘዘ ነው። በሰዓቱ አበላታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራለሁ። አትነጫነጭም። ከእሷ የቀለለ በሽተኛ የለም ትላለች ጎረቤታችን።

አንድ ጠዋት ቁርስ እያሰናዳሁ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። እማዬ ነች። ብቻዋን ተነስታ፣ ዱላዋን ይዛ፣ በኮሪደሩ ወደ እኔ ትመጣለች። ብቻዋን ስትራመድ የመጀመሪያዋ ነው።

የተሰበረው የግራ ዳሌዋ ነው። ራጁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቁስሉንም በእጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ዱላ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው ነው ብሎ፣ በቀኝ እጇ እንድትይዝ አሳይቷታል። በቀኝ እጇ ይዛዋለች።

የምታነክሰው ግን በቀኝ እግሯ ነው።

ግራው ደህና ነው። ጽኑ ነው። ቀኙን ነው የምትጎትተው።

ኩሽናው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። እግሯን እያየሁ እንደሆነ አየች። ወደ እግሯ አጎነበሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምን እንደምል የምትጠብቅ መሰለኝ።

እጄን ጠራረግሁና ሄጄ፣ ዱላውን ከቀኝ እጇ ወስጄ በግራዋ አስያዝኳት።